በየሁለት ሰዓቱ

ካራሾክ። የካቲት። ሠላሳ ከዜሮ በታች፤
ቻልሞ ምድጃው ሥር ስድስት ወለደች።
ቻልሞ ያልናት ለነቁጧ ነው፤ ከዓይኖቿ በላይ
ሁለት ብጫ ጠብታ፣ ተኝታ እንኳ እምታይ።

አምስቱ ተሻምተው ጡቷን ሲይዙባት
ስድስተኛዋን ግን ጉልበት አነሳት፤
አፏ ጡቱን ነክቶ ይስተዋል ደግሞ፣
ሰካራም ቁልፍ ይዞ በር ላይ እንደሚያደርግ ቆሞ።

ኒላስ ቢኖር ኖሮ «ማሬት፣ ተዪያት» ይላል፤
አርባ ዓመት አጋዘን የነዳ ይህን ያውቃል፤
ክረምት የሚወስደው አስቀድሞ ይታያል።
ኒላስ ግን ከሞተ ሦስት ዓመት ሞላው፤
የሞተ ሰው ምክር በሌሊት ማን ይስማው?

ዱቄት የምለካበትን ሚዛን አወረድኩኝ፤
መቶ ሰማንያ ግራም። ደብተሬ ላይ ጻፍኩኝ።
ስም አላወጣሁም፤ ክር ነው ያሰርኩላቸው፣
ከሹራብ የተረፈ፣ በየአንገታቸው።
ቀይ ክር ለትልቁ፣ ለዚያ ለሆዳሙ፣
ጡት በአፉ እንደያዘ ለሚወስደው ሕልሙ።
ነጩ ክር ለትንሿ። ሁለት ዙር ዞራት፤
ለሌሎቹ አንድ ዙር ነው የሚበቃው ላንገት።

መጀመሪያ እንገር። ቻልሞን አባብዬ
ጥቂት ጠብታ አለብኩ በትንሽ ማንኪያዬ።
ከዚያ የዱቄት ወተት፣ ከአልታ በአውቶቡስ የመጣ፤
በክንዴ ቆዳ ለካሁት፣ ለብ ብሎ እስኪመጣ።
በጀርባዋ አይሆንም፤ የሰው ልጅ አይደለች፤
ወተት ሳንባ ገብቶ ታንቃ ትቀራለች።
በሆዷ አስተኝቼ፣ አንገቷን አቅንቼ፣
መርፌ በሌለው ስሪንጅ
ጠብ… ጠብቄ… ጠብ አድርጌ፣ ስትውጥ አይቼ።

ከዚያ በሞቀ ውሃ የራሰ ጥጥ አነሣለሁ፣
እናት በምላሷ የምትሠራውን በጣቴ እሠራለሁ፤
እስክትሸና ድረስ። የሸናች ለታ
በሌሊት ልብሴ ቆሜ ዘፈንኩ በደስታ።

ልጄ ኢንጋ ከትሮምሶ ደውላ ትስቃለች፤
«እኔን እንዲህ አላጠባሽም» ትለኛለች።
እውነቷን ነው። ያኔ መንጋው ጉዞ ላይ ነበር፤
እሷ በጡጦ አደገች፣ እኔ በበረዶ ሞተር።

በየሁለት ሰዓቱ። አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር፤
ሌሊት የሚሉት ነገር ተቆራርጦ እንደ ክር።
የሙቅ ውሃ ጠርሙስ በካልሲ ጠቅልዬ
ካርቶኗ ውስጥ አኖራለሁ፣ እናት ይምሰላት ብዬ።
የኒላስ ካልሲ ነው። ሌላው እግር ጠፍቷል።
ለምን እንዳልጣልኩት አሁን ገብቶኛል።

መቶ ሰባ ስምንት። መቶ ሰማንያ አንድ።
መቶ ዘጠና ሁለት! ብቻዬን ጮህኩ እንደ ዕብድ።

በአራተኛው ሌሊት እንቅልፍ አሸነፈኝ፤
የስምንት ሰዓቱ ደወል ጮኾ አልቀሰቀሰኝ።
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ ደንግጬ፣
ወደ ካርቶኑ ሮጥኩ ወንበር ገልብጬ።
ጠርሙሱ ቀዝቅዟል። ነጭ ክር የለችም።
ቻልሞ ጡት ሥር አየኋት፤ ስትጠባ አታቆምም።
በራሷ ተንፏቃ ይሁን፣ እናት ወስዳት፣ እንጃ፤
ክንድ ተኩል ይሆናል ከካርቶኑ እስከ ምድጃ።

ቀዩን ክር ያየሁት በኋላ ነው ግና፤
ከእናቱ ጀርባ ሥር፣ ከግድግዳው ተጣብቆ፣ ሆዱ እንደሞላ ገና።
አራት መቶ ስልሳ ግራም፣ ሁሉን የሚበልጥ፤
ለእሱ ማን ይሰጋል፣ ለእሱ ማን ይደነግጥ?
ተኝተው የሚያዩት እነዚያ ሁለት ነቁጥ
አላዩም።
እኔም ደካማዋን ሳይ ነበር።

መሬት እስከ ሰኔ አይቆፈርም በእኛ አገር፤
በሱፍ ጓንት ከትቼ አኖርኩት፣ ጎተራው ውስጥ፣ ከፍልጡ ሥር።
ደብተሩ ላይ የሱ ዓምድ ሐሙስ ላይ ይቆማል፤
የነጯ ቁጥር ግን እየዳኸ ይቀጥላል፤
ሁለት መቶ አራት። ሁለት መቶ ዘጠኝ።
ደስ ልሰኝ እላለሁ፣ እጄ ግን ከበደኝ።

ስሪንጁን አጥቤያለሁ። ውሃው ተጥዷል።
ለስምንት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቷል።